ከአንድ ጎን ብቻ የተቀነሰ ስድስት ሰዓት

አርባ ምንጭ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ለታችኛው ቦይ የመስኖ ውኃ ድልድል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ከታኅሣሥ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ባዶውን የተቀበለኝ ወንበርዎስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የቢሮዎን ደረጃ አምስት ጊዜ ወጥቶ ስለወረደ ደከመው እንጂ በእርስዎ ላይ ቂም አልያዘም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሊገነዘቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱን ካልያዝን የቀረውን መያዝ አንችልም። ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በራሱ ምንም አያውቅም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ሰዓት ማወቅ፣ ፋይል መክፈት ወይም ለሌላ ኮምፒዩተር መልእክት መላክ ሲፈልግ ከርነል የሚባለውን የኮምፒዩተሩን እምብርት መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ ባለሙያዎች ሲስተም ኮል ይሉታል፤ እኔ «ጥሪ» እለዋለሁ። ችግሩ ሊነክስ፣ ፍሪቢኤስዲና ማክ የሚባሉት ሥርዓቶች ሁሉም ከዩኒክስ ወገን ቢሆኑም፣ አግብተው የየራሳቸውን ጎጆ እንደወጡ ወንድማማቾች መሆናቸው ነው፤ ጥያቄው አንድ ሆኖ ሳለ የሚጠየቅበት ቁጥርና መልሱ የሚመጣበት ቅርጽ በየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው፣ እነዚህን ልዩነቶች አንድ በአንድ መዝግቦ የሚያስማማለት የኮድ ስብስብ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ስብስብ ላይብረሪ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩ በኋላ በጡረታዬ ጽፌ፣ እያረምኩ የምጠብቀው ላይብረሪ ይህ ነው፤ ስሙም «ጥሪ» ነው። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የገበሬውን የውኃ ተራ የሚመዘግብበት ፕሮግራም የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይህን ከያዝን፣ ጊዜዎ ውድ መሆኑን ከወንበርዎ ስለተረዳሁ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በታኅሣሥ ወር «በላይብረሪዬ ላይ የተደረገው ለውጥ እንዲታረም» የሚል ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ መልስም የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እንደ ብርቅ ነገር በፕላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። መልሱ ቤተ መጻሕፍቴ በቢሮዎ መዝገብ አለመኖሩን ገልጾ፣ የወንበር ብዛት፣ የመደርደሪያ ብዛት፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንዲሁም መጸዳጃ ቤቱ ለወንድና ለሴት የተለየ መሆን አለመሆኑ በተያያዘው ቅጽ ተሞልቶ እንዲቀርብ ያዝዛል። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ስለሆንኩ ሞላሁት። ወንበር፦ አንድ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ። መደርደሪያ፦ የለም። የሚዘጋበት ሰዓት፦ አይዘጋም። መጸዳጃ ቤት፦ አልተለየም፤ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ጸዳለ ጋር በስምምነት እንጠቀማለን። ቅጹ ማኅተም ተመትቶበት «መስፈርቱን ያሟላል» ተብሎ ተመለሰልኝ። ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለ ጠየቅሁት ነገር ግን በቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም።

ሁለተኛ። የጠየቅሁት ነገር ይህ ነው። ባለፈው ኅዳር የቢሮዎ ባለሙያ ጌዲዮን (ተማሪዬ ስለነበር አቶ ስላላልኩት ይቅርታ ይደረግልኝ) ሲቀላ ገበያ አጠገብ አግኝቶኝ በደስታ፣ «ቲቸር፣ ላይብረሪዎ ውስጥ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ስቶ ነበር፤ እኔ አስተካከልኩት!» አለኝ። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለውን ኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ሲለው አይቶ ነው። ከእርሱ የተቀበልኩትን የቢሮዎን ቅጂ ቤቴ ወስጄ ስከፍት፣ የሊነክስ ፋይሌ ውስጥ ሰዓት የሚጠይቀው ጥሪ ሥር ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ ተቀንሶ፣ ከጎኑ «የፈረንጅ ሰዓት ወደ ሐበሻ ተስተካክሏል» የሚል ማስታወሻ ተጽፎ አገኘሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ስድስት ሰዓት በእርግጥ ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ ነው። ለዚህ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ኮምፒዩተር ከእኛም ከፈረንጅም ሰዓት ጋር ጠብ የለውም። እርሱ ከአንዲት ከተወሰነች ቀን ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል። ያንን ሰከንድ ሦስት ብሎ ማንበብ ወይም ዘጠኝ ብሎ ማንበብ የአንባቢው ድርሻ ነው፤ መደረግ ያለበትም በመጨረሻ፣ ለሰው ዓይን ሲጻፍ ብቻ ነው። ከምንጩ ላይ የቀነሰ ሰው ግን የሰዓቱን ስም አልቀየረም፤ ፀሐይዋን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቷል። ጌዲዮን አሥረኛ ክፍል ሳለ ከእኩልታው ግራ ጎን ቀንሶ የቀኙን ይረሳ ነበር። እኔም «ሐሳቡ ገብቶታል» እያልኩ ግማሽ ማርክ እየሰጠሁ አሳለፍኩት። ስለዚህ ከጥፋቱ ግማሹን እኔ እወስዳለሁ፤ የቀረው ግማሽ ጠረጴዛዎ ላይ ነው።

ላይብረሪው ነፃ ስለሆነ የፈለገ ሰው የፈለገውን መቀየር ይችላል፤ በሕግ አልከስዎትም። በዚያው ደብዳቤ የጠየቅሁት፣ እንዲታረም፣ ካልታረመም ስሜን ከላዩ እንድታነሡ ነበር። አላነሣችሁም። ምክንያቱ በሦስተኛው ቅሬታ ይታያል።

ሦስተኛ። በቦያችሁ ላይ አሥራ ሁለት የውኃ በሮች አሉ። ገበሬው ተራው ሲደርስ በሩን በእጁ ያዞራል፤ በሩ ላይ ያለው ኮምፒዩተር የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ወደ ቢሮ ይልካል። አሥራ አንዱ በሮች ሊነክስ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው፣ በቦዩ ጫፍ በወይዘሮ ዘቢደር ሙዝ አጠገብ ያለው፣ ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈ አሮጌ ኮምፒዩተር ስለሆነ በፍሪቢኤስዲ ይሠራል። ለፍሪቢኤስዲ ላይብረሪዬ ውስጥ የተለየ ፋይል አለ። ጌዲዮን ያንን ፋይል አልከፈተውም።

ወይዘሮ ዘቢደር ከጨንቻ ወርደው እዚህ የከተሙ፣ ከባላቸው ሞት በኋላ ሩብ ሄክታር ሙዝ ይዘው አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ተራቸው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ነው። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ከፈቱ። ኮምፒዩተራቸው ያየውን ሳይቀንስ ስለላከ ቢሯችሁ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ አነበበው፤ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የጎረቤታቸው የአቶ እንድሪያስ ተራ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘቢደር የሰው ውኃ የሚሰርቁ ሆኑ፤ አንድ ጊዜም አይደለም፣ ሰባት ሐሙስ በተከታታይ! እንዲህ ሰዓት አክባሪ የሆነ ሌባ በዓለም ላይ ስለመኖሩ ከእናንተ መሐል የተጠራጠረ አልነበረም። ጥር 6 ቀን ተራቸው ታገደ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳምረው ተሰረቀ የተባለው ሰው ምስክርነት ነው። አቶ እንድሪያስ በቢሮዎ ግቢ፣ እኔም ቆሜ እየሰማሁ፣ «የእኔን ውኃ ማንም አልነካብኝም፤ በዘጠኝ ሰዓት ጉልበቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ነበር» አሉ። የቢሮዎ ሠራተኛ፣ «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ ግን ተሰርቀዋል ይላል» ብሎ መለሰላቸው። አቶ እንድሪያስም፣ «እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ይክሰሳት፤ ሙዝ ያለው እርሱ ከሆነ!» ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ወይዘሮ ዘቢደር ግን አልሳቁም። በአገራቸው የሰው ውኃ መንካት ጎሜ ነው፤ በደሉ ዞሮ በገዛ ቤት ላይ የሚወድቅ ነውር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሹ ልጃቸው ባተኮሰው ቁጥር ጎረቤት የሚያንሾካሹከው ስለ ወባ አይደለም። ሙዙ ስድስት ሳምንት ውኃ ሳያይ ቅጠሉ ተሰነጣጥቆ ተንጠልጥሏል። ሙዝ እንደገና ይተከል ይሆናል፤ ስም ግን በችግኝ አይሸጥም።

የእገዳው ደብዳቤ ሁለተኛ አንቀጽ፣ ሰዓቱ «በመምህር ሸዋንዳኝ ላይብረሪ የተረጋገጠ» መሆኑን ይገልጻል። ስሜ ያልተነሣው ለዚህ ኖሯል። በሕይወቴ ፍርድ ቤት ቆሜ የማላውቅ ሰው፣ ሳልጠራና ሳልምል፣ በአንዲት እናት ላይ የሐሰት ምስክር አድርጋችሁኛል። ስላደረጋችሁልኝ ክብር ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ያገኘኋቸው ቃላት አስተማሪ የነበረ ሰው የሚጽፋቸው አይደሉም።

እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ረጋ ብለው ያስቡት። አሥራ አንዱ በሮች በአንድነት ስለተሳሳቱ ትክክል መሰሉ፤ አንዷ በር እውነት ስለተናገረች ባለቤቷ ሌባ ተባሉ። ይህን የመሰለ ሒሳብ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በፈተና ወረቀት ላይ አላየሁም፤ የሚኮራረጁ ተማሪዎች እንኳ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲጽፉ በመኮራረጃቸው እንጂ በትክክለኛነታቸው አይታወቁም።

አራተኛ። ላይብረሪዬን የሚጠቀሙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ባለፈው ሳምንት ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ አገሩንም በካርታ ፈልጌ ያገኘሁት ሰው፣ በማክ ፋይሌ ውስጥ አንዲት ቁጥር መሳሳቷን ጻፈልኝ፤ አመሰገንኩት፣ በማሽኑ ላይ ሞክሮ አረጋገጠልኝ፣ አረምኩት። ነገሩ ሁሉ ከምሳ በፊት አለቀ። የእርስዎ ቢሮ ከቤቴ በባጃጅ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አምስት ጊዜ መጥቼ አምስት ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ተብያለሁ።

በዚህ ረገድ ከከርነሉ የምንማረው አለ። ከርነል እምቢ ሲል እንኳ ዝም አይልም፤ ምክንያቱን በቁጥር ይመልሳል። አንድ ማለት «አልተፈቀደልህም» ነው። ሁለት ማለት «የጠየቅኸው ነገር የለም» ነው። ለ«ቆይተህ ተመለስ» እንኳ ቁጥር አለው፤ በሊነክስ አሥራ አንድ፣ በፍሪቢኤስዲና በማክ ሠላሳ አምስት። ጠያቂውን ያለ መልስ ማቆም በማሽኑ ዘንድ ብልሽት ይባላል። በእናንተ ዘንድ የሥራ ሰዓት ይባላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ በጀት አይጠይቅም። የተቀነሰው ስድስት ሰዓት ከምንጩ ይመለስ፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር የሚነበብበትን መስመር በትክክለኛው ቦታ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፣ አራት መስመር ነው፤ ጌዲዮን ቢቸገር ቤቴ ይምጣ፣ እንደ ድሮው አስረዳዋለሁ። የወይዘሮ ዘቢደር ተራ ይመለስ። ሦስተኛ፣ መመለሱ ሌባ የተባሉበት ወረቀት በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው ቁመት ፊደል ይለጠፍ።

ከወንበርዎ ጋር ለመገናኘት ያብቃዎት እያልኩ፣ ለማሽንም ለሰውም እውነተኛ ሰዓት የምመኝ፣ መስፈርቱን ያሟላው ባለ አንድ ወንበር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣

ሸዋንዳኝ ጥዑመልሳን
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፤ የ«ጥሪ» ላይብረሪ ጠባቂ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ማስታወሻ፦ የወይዘሮ ዘቢደርን ተራ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ የካቲት 28 ቀን በሦስት ሰዓት በእርሳቸው በር አጠገብ ስብሰባ እንደሚደረግ ከቢሮዎ የወጣው የጥሪ ወረቀት ይናገራል። እርሳቸው በሦስት ሰዓት ይገኛሉ፤ ሁልጊዜም በሦስት ሰዓት ነበሩ። እርስዎም በሰዓቱ ከመጡ፣ አደራዎን በዚያ በር ኮምፒዩተር ላይ መድረስዎን እንዳያስመዘግቡ፤ በገዛ መዝገብዎ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሰው ተራ የገቡ ሆነው ይገኛሉ። ከዚያ ቀን በፊት ይመልሱልኝ። ረጅም ደብዳቤ አልጠብቅም፤ አንድ፣ ሁለት ወይም አሥራ አንድ ብለው ቁጥር ብቻ ቢልኩልኝም ይገባኛል፤ ብቻ ቶሎ ይመልሱልኝ።