ዓሣ የማትበዪው ለምን ነበር

ይታዬ፣ የቤቴ ሰው፤

ከተለየሽኝ በመጪው ሐምሌ ሁለት ዓመት ይሞላል። ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ ሕመም የለም ብዬ አምናለሁ። የእኔን ግን ልንገርሽ፤ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ከመጮኹ በቀር ደህና ነኝ። መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። አናጺ እርሳስ የሚይዘው እንጨት ላይ ሊያሰምርበት ነው። ዲማ በቆሎ ተማሪነት የቆየሁባቸው ሦስት ዓመታትና ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት ትምህርት ተደምረው ያተረፉልኝ ይህንን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እንደምንም አንብቢው። በአፌ እንዳልናገረው የሚሰማኝ ሰው ሁሉ «እርሳው፣ አልፏል» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲሁ እንዲያልፍ አልፈልግም።

በመጀመሪያ የቤቱን ነገር። ብርቱካን ልጃችን ባለፈው ጥር አገባች። ባሏ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ዝምተኛ ነው፣ ግን እጁ ሥራ ይወዳል፤ የጓሮውን አጥር ከእኔ ጋር አብሮ አጠረው። ቤታቸው ከእኛ ብዙም አይርቅም፣ እዚሁ ማርቆስ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ቀይዋ ዶሮሽ የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ካልሆነ እንቁላል አልጥልም ብላለች። ለምን እንደመረጠችው እንጃ፤ መጋዙን አውጥቼ ቦታውን ለቀቅሁላት። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ። ሁልጊዜ ይጓጉልብኛል። ውኃውን አስቀድሜም አይቻለሁ፣ ዱቄቱን አስቀድሜም አይቻለሁ፤ ምሥጢሩን እስካሁን አልደረስሁበትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ዘንድሮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዓሣ ለማጥመድ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወረድን። አምና አልሄድንም፤ ማንም ደፍሮ አላነሣውም። ዘንድሮ ግን አብሮ አደጌ አያሌው የማጥመጃ ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጄ ላይ ቆመና «ዝናቡ ሳይቀድመን እንሂድ፤ እዚህ ተቀምጠህ የምታለቅስ ከሆነ እዚያም ተቀምጦ ማልቀስ ይቻላል» አለኝ። ወንድምሽ ደሴና ሚስቱ እቴነሽ ከይጁቤ መጡ። ያቺው የምታውቂያት፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ያለችው ኩሬ ዘንድ ተገናኘን።

ወንዙ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሚሆን ታስታውሻለሽ። መፍሰሱን ሊተው ምንም አይቀረውም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠባጠበ ይሄድና ጥልቁ ላይ ይተኛል። ዓሣው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ እኛ ዓሣውን ከማየታችን በፊት ዓሣው ጥላችንን ያያል። ስለዚህ ዝም ብሎ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ መቀመጥ ነው። አያሌው እንደ ልማዱ ዝም አላለም። ደሴ «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣውን ልታጠምደው ነው ልታስተኛው?» ቢለው ይባስ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። እንዲያም ሆኖ ስድስት ነጭ ዓሣ አወጣን።

ይታዬ፣ ሃያ አራት ዓመት አብረሽን ወርደሻል። እሳቱን ታነጂያለሽ። እጅሽን አመድ ታስነኪና የሚያዳልጠውን ዓሣ ጥብቅ አድርገሽ ይዘሽ ሆዱን ትከፍቺዋለሽ፤ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰሽ ቆዳው እስኪፈነዳ ትጠብሺዋለሽ። ለሁላችን አድለሽ ስትጨርሺ ቆሎሽን ይዘሽ ፈንጠር ብለሽ ትቀመጫለሽ። አንድም ቀን ዓሣ ወደ አፍሽ ሲገባ አላየሁም።

ለምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የንስሐ አባታችን የሰጡሽ ቀኖና ነው ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሰውና በንስሐ አባቱ መካከል ያለ ነው፤ ባልም ቢሆን ጣልቃ አይገባም። ቀኖና የያዘን ሰው ብላ ብሎ የሚፈትን ደግሞ ከኃጢአቱ ይካፈላል ብዬ እፈራ ነበር። ስለዚህ አክብሬ ዝም አልሁ። ሰው «ይታይሽ፣ እስቲ ቅመሽ፣ አፈር ስሆን» ሲልሽ «ተዉአት፣ አታስቸግሯት» የምለው እኔ ነበርሁ። ሚስቴን ከፈተና የምጠብቃት እየመሰለኝ።

አፌ ዝም ቢልም ልቤ ግን ዝም አላለም። ይህንን ነው በቁምሽ ያልነገርሁሽ። ይህን ያህል ዘመን የማያልቅ ቀኖና የሚያሰጥ ምን ዓይነት ኃጢአት ነው? እያልሁ አስብ ነበር። ቁይ ተወልደሽ ቁይ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ከእኔ በፊት የነበረውን አላየሁም። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል የቁይ ሰው ጉንጭሽን ስሞ ሲስቅ አይቼ ሦስት ቀን አኮረፍሁሽ። «ምን ሆንህ?» ስትዪኝ «ጥርሴን» አልሁሽ። የጥርስ መድኃኒት አፈላሽልኝ፤ ጠጣሁት። የአጎትሽ ልጅ ሲያገባ ደግሞ «የያዝሁት በር አላለቀም፣ አልሄድም» ብዬሽ ቀረሁ። በሩ አልቆ ነበር፣ ይታዬ። ሰርጉ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያናግርሽ እንዳላይ ፈርቼ ነው። ብቻሽን ሄደሽ ብቻሽን ተመለስሽ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ አርባሽ ሲወጣ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። «አባቴ፣ ይታይሽ ሳትጨርሰው የቀረ ቀኖና ካለ ምሥጢሩን አይንገሩኝ፤ ብቻ እኔ ልፈጽምላት» አልኋቸው። «ልጄ፣ እሷ የቀራት የለም። አንተ ራስህን መርምር» አሉኝ። ምሥጢር ሲጠብቁ ነው ብዬ ወጣሁ። ራስህን መርምር ያሉኝን ግን እንደ ቡራኬ ሰምቼ አለፍሁት። ሰው የተነገረውን ትቶ ያልተነገረውን እንዴት አጥብቆ ይይዛል? በራሴ ቆርጬ ቀኖናሽን ያዝሁት። ዓሣ አልነካም አልሁ።

እናም በዚያ ቀን እቴነሽ የመጀመሪያውን ዓሣ በሾላ ቅጠል ላይ አድርጋ ዘረጋችልኝ።

«እኔ አልበላም» አልኋት።

«እንዴ ጋሼ ሞላ፣ አሞሃል?»

«አላመመኝም። የይታይሽን ቀኖና እየፈጸምሁላት ነው።»

«የምን ቀኖና?»

«ዓሣ ያልበላችበትን።»

ደሴ ሚስቱን አየ። እቴነሽ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ቀኖናውን የሰጠሃት አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቅጠሉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ነገረችኝ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ እዚያችው ኩሬ ዘንድ ነው። ያን ዓመት ፋሲካ ቀድሞ ውሎ ስለነበር የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንደ ዛሬው ያኔም ነበር፤ እኔ አይበላም ከሚሉት ነበርሁ። አንቺ ቆርሰሽ ወደ አፍሽ ስታቀርቢ እኔ ሰው ሁሉ እየሰማ «የእኔ ሚስት ዓሣ አትበላም!» አልሁ። አንቺም መልሰሽ አስቀመጥሽው።

«እኔ?» አልሁ።

«አንተ» አለች እቴነሽ። «ልብሷ ላይ ያለው የሙሽራ ሽቶ እንኳ ገና አልለቀቃትም ነበር።»

አያሌው ቀርከሃውን አጋድሞ ተጠጋን። «ብለሃል እንጂ! ያን ጊዜ እኮ የዲማው ገና አልበረደልህም። ውኃ አቀብለን ብንልህ ስብከት ጨምረህ ነበር የምታቀብለን።»

ከዚያ በኋላ እየመጣልኝ ሄደ። አነጋገሬን አስታወስሁት፤ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ለአንቺ ሳይሆን ለሰዎቹ ነበር፤ ሃይማኖተኛ ቤት አለው እንዲሉኝ። «በጾም» የምትለውን ቃል ሳልጨምርባት ቀረሁ። በዓመቱ ፋሲካ ዘግይቶ ዋለ፤ ጾም በሌለበት በሃምሳው ውስጥ ወረድንና እኔ በላሁ። በልቼ እጄን በአሸዋ አሽቼ ታጠብሁ። አንቺን ግን ብይ አላልሁሽም፤ አምና ያልሁትን ረስቼው ነበር። አንቺ ግን አልረሳሽም።

እቴነሽ አንድ ጊዜ ጠይቃሽ ነበር አሉ። «እሱ ራሱ ብይ ካለኝ እበላለሁ፤ ለምኜ ግን አልበላም» አልሻት። እነሱም የቤታችሁ ሥርዓት ነው ብለው ተዉት። ደግሞስ ሰው ሲለምንሽ «ተዉአት» ባዩ እኔ አይደለሁ? ሃያ አራት ዓመት አንዲት ቃል ከእኔ ጠበቅሽ፤ እኔ ደግሞ ያችኑ ቃል ላለመናገር እጠነቀቅ ነበር።

 ኋላ ላይ ደሴ ወንዙን እያየ «ቁይ ሳለን ዓሣ ስናመጣ ጅራቱን ማንም አይነካባትም ነበር። እስኪደርቅ ጠብሳ እንደ ቆሎ ትቆረጥመው ነበር» አለ። ይታዬ፣ እኔ እኮ ጅራቱን ለውሻ ነበር የምወረውረው። አንቺ ፊት።

እንድበላ ለመኑኝ። አልቻልሁም። በቀኖና ግን አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጨት ስልግም፣ መንገድ ስሄድም አንቺን የምጠይቅሽ ጥያቄ አያልቅብኝም። መጀመሪያ ተናደድሽ ወይስ አፈርሽ? በስንተኛው ዓመት ነው ንዴቱ ልማድ የሆነው? ወይስ ልማድ አልሆነም? ጥብሱን ስታድዪ ቀና ብለሽ ታዪኝ ነበር፤ እኔ ጭሱ ዓይንሽን አስቸግሮሽ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ እየጠበቅሽ ነበር? በልብሽ ስቀሽብኝስ ታውቂያለሽ? ስትስቂ ከንፈርሽን በነጠላሽ ጫፍ ትሸፍኚ ስለነበር በርቀት አይታወቅም። ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽና አትቆጪኝ፤ አንቺም ግትር ነበርሽ። «ሞላ፣ እኔም ልብላ እንጂ» ብትዪኝ ምን ነበር? ይህን ጽፌ ደግሞ አፍራለሁ። ከፊቷ ላይ የተነጠቀችውን ለምኚ ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው መነጠቁ ነው።

በማግሥቱ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ዓሣውንም፣ የቁዩንም ሰው፣ ያለቀውንም በር ተናዘዝሁ። የሰጡኝን ቀኖና ለአንቺም አልነግርሽም። ብቻ ስወጣ «በገዛ እጅህ የያዝኸውን ግን ተወው» አሉኝ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። በተከተለው እሑድ ብርቱካንና ባሏ መጡ። ዶሮ ወጥ ይዘው ነው የመጡት፤ ሃምሳው ገና አላለቀም ነበር። ቀረበና ስንጀምር ብርቱካን ቅቤ ያለበትን ገፋ አደረገችና ደረቁን እንጀራ በጨው መጉረስ ያዘች። ልቤ ወዲያው የለመደውን አለ፤ ቀኖና ይዛ ይሆናል፣ ዝም በል። ዝም ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እጄን ከመሶቡ አነሣሁና «ብርቱዬ፣ ቅቤ የማትበዪው ለምንድን ነው?» አልኋት።

ባሏ አንገቱን ደፋ። እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «ሽታው አይስማማኝም፣ አባዬ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

ምን ያህል እንደምዘገይ ታውቂያለሽ። ጉርሻዬን ይዤ ቁጭ ብዬ እሷን አየሁ፣ ባሏን አየሁ፣ እንደገና እሷን አየሁ። ከዚያ ገባኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት ማልቀስ ጀመረች። «እናቴ ብትኖር ለእሷ እነግራት ነበር፤ እሷ ትነግርህ ነበር። ለአንተ ከየት ልጀምረው? አንተ ደግሞ ሰው አትጠይቅም» አለችኝ።

ይታዬ፣ አያት ልትሆኚ ነው። እኔ ባልጠይቅ ሆዷ ሲገፋ ነበር የማውቀው።

እስከ ዛሬ ቅዳሴ ላይ ስምሽን ሳነሣ የማላውቀውን ኃጢአትሽን ይቅር በላት እያልሁ ነበር። ሃያ አራት ዓመት በሐሰት ከሰስሁሽ። ከእንግዲህ ስምሽን ብቻ እጠራለሁ፤ ይቅርታውን ለራሴ እለምናለሁ። እስካለሁ ድረስ አንድም እሑድ አላልፍሽም።

ብርቱካን ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች። ምን ልሥራላት? ሽሮዬን እንዳትዪኝ። ደጄ ላይ ስትደርስ ምን እንዳማራት እጠይቃታለሁ።

ባልሽ ሞላ