ሁለት ነው ወይስ ሦስት?

ታኅሣሥ 3፣ ሐርጌሳ

በጣም ደክሞኛል። መሐመድ ሞጌ ሰፈር የምናሠራው ክሊኒክ ጣሪያው ዛሬም አላለቀም፤ ሳላስረክብ ደግሞ ፈቃድ መውጣት አልችልም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዳዊት ከለንደን ደወለ። እዚያ ባለ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ የገና መብራት እያዩ የሚዞሩበት ቲኬት እያለቀ ነው።

«የቅዳሜው ብቻ ቀርቷል። ሁለት ልያዝ ወይስ ሦስት?»

«ሦስት» አልኩት።

ልጃችን ሄራን ስልኩን ተቀበለችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«እማዬ፣ ባለፈው ዓመትም ሦስት ነበር የያዝነው።»

አልረሳሁትም። ያኔም የቀረሁት በሥራ ነው።

«በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ‹ሦስተኛዋስ?› ስትል፣ አባዬ ‹እየመጣች ነው› አላት።»

ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጣሪያው እስከ ቅዳሜ እንደማያልቅ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ሁለት ያዙ» አልኳት በመጨረሻ።

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እሺ እማዬ» ብላ ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት። «አባዬ፣ ሁለት ብላለች» ስትለው ይሰማኛል። ቅር ያላት አትመስልም።