አምና ያስተማርኩት

ሉብና ጓደኛዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው አርዲቦ ሐይቅ ነው። እኔ ግን ዛሬ ልቤ ውሃው ላይ አልነበረም። ለጡት ካንሰር ጥናት መጠይቅ ይዤ ዳሩ ላይ ወዳለው መንደር ዘንድሮም መጣሁ። እኛ ዘንድ አዳማ ስለ ጡት ስጠይቅ ሴቶቹ ዐይናቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ እዚህ ኡሙሰልማ የሚባሉ እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በኩራት መለሱልኝ።

«ስንት ልጅ አጥብተዋል?»

«ሰባት ወልጄ ስምንት አጥብቻለሁ። ጎረቤቴ ተሾመች በወሊድ ስትሞት ልጇን ከልጄ ጋር አጠባኋት።»

ቀጥዬ ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉ። እብጠቱ ፈንድቶ ቆስሏል።

«ምነው ቀደም ብለው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ?»

«አምና መጥተሽ፣ ያጠባች ሴት ከዚህ በሽታ ትጠበቃለች አላልሽንም? ስምንት አጥብቼ እኔን አይነካኝም ብዬ፣ አልሀምዱሊላህ ብዬ ተቀመጥኩ። የረጋ ወተት መስሎኝ ነበር።»

ብያለሁ፣ ሉብና። ያጠባችም ብትሆን እብጠት ካየች ቶሎ ትምጣ ማለቱን ግን ረሳሁት። ነገ ደሴ ሆስፒታል ይዣቸው እሄዳለሁ፤ መዘግየታችንን ግን ዐይቼዋለሁ።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሦስቱን ልጆችሽንም ሳሚልኝ። ሦስቱንም አጥብቻለሁ ብለሽ አትተማመኚ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ጡትሽን ዳብሺ።

ኢልሀም