ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ሰውዬ

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ለቤተ መጻሕፍታችን ከተላኩት የእርዳታ ካርቶኖች ሦስተኛውን ከፈትኩ። ግማሹ ሻግቷል። የቦንጋ ዝናብ ለመጽሐፍም አያዝንም። ማህተም፣ ቁጥር፣ መደርደሪያ። ደብተሬ፣ ዛሬም ካንተ በቀር ያጫወትኩት የለም። ተማሪዎቹ መታወቂያ ያስይዛሉ፣ መጽሐፍ ይመልሳሉ፣ ይሄዳሉ።

ከካርቶኑ ሥር አንድ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ወጣ። እንግሊዝኛ። ኮሚክ የሚሉት ነው። ስለ አንድ የድሮ የጥላቻ ጽሑፍ ነው፤ አይሁዶች ዓለምን በስውር ሊገዙ ያሴራሉ የሚል የፈጠራ ጽሑፍ። ኮሚኩ ማን እንደፈበረከው፣ ማን እንዳባዛው፣ ስንት ሰው እንዳስፈጀ ይተርካል። ለምሳ ሰዓት ይዤው ወጣሁ።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ጨረስኩት። ሠዓሊው ጎበዝ ነው። ውሸታሙን ከነጠረጴዛው፣ ከነቀለሙ አሳይቶታል። ገጽ 31 ላይ ግን ውሸቱን ራሱን ሣለው፤ ልክ የጥላቻ ጋዜጦቹ ይሥሉት እንደነበረ። ገጹን የሞላ ሰውዬ። አፍንጫው ማጭድ፣ ጣቶቹ ጥፍር፣ ምድርን ጨምድዶ ይዟል። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ይህ ውሸት ነው ይላል። እንግሊዝኛ ለማያነብ ልጅ የሚቀረው ሰውዬው ብቻ ነው።

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ደምቢያ፣ እኛ መንደር፣ በአፍ ይሥሉት ነበር። የጅብ እግር ይጨምሩለታል። አባቴን ነው የሚሉት። ቀን ማረሻቸውን ይቀጠቅጥላቸዋል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይላሉ። ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ውሃችንን አይቀምሱም። ቤተ እስራኤል ነበር። እናቴን ብሎ ተጠመቀ፤ ቡዳ የሚለው ስም ግን አልለቀቀውም። ዘመዶቹ በአውሮፕላን ሄዱ። እሱ ቀረ፣ እዚያው ሞተ።

እኔን ባሌ እዚህ አመጣኝ። እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት። ፎርም ላይ ብሔር የሚለው ጋ አማራ ብዬ እሞላለሁ። ውሸት አይደለም። ሙሉም አይደለም።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ የሥዕል አስተማሪ መ/ር ታደለ መጣ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ሠላሳ ቢሞላው ነው። ኮሚኩን አገላብጦ ሊለቀው አልቻለም። ለብሔረሰቦች ቀን ት/ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ሊሠራው ይፈልጋል። ጽሑፉን እንድተረጉምለት ለመነኝ።

እሺ አልኩ። ገጽ 31ን ረስቼ አይደለም። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ነበር የመጣው። ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሻይ ከጠጣ ስንት ጊዜው።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ትርጉሙን ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። ደስ ብሎኝ። መ/ር ታደለ ዛሬ ሥዕሎቹን አምጥቶ የንባብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። እጁ የተባረከ ነው። ከሁሉም ትልቁን ሉክ የሰጠው ለዚያ ሰውዬ ነው። ከመጽሐፉም አስበልጦታል።

የአሥረኛ ክፍል ልጆች ከበቡት። ሳቅ። አንዷ፣ ቡዳ ነው እንዴ አለች። ሌላዋ ዓይኗን ሸፍና ሸሸች፣ ለጨዋታ። መ/ር ታደለም ሳቀ። የእኔን ጽሑፍ አንድም ያነበበ የለም። ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ አንድም።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ

መ/ር ታደለን፣ ሰውዬውን አውጣው አልኩት። ደነገጠ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ውሸቱ ካልታየ ውሸት መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ትናንት ታየ። ውሸት መሆኑን ማን አወቀ?»

«መጽሐፉም እኮ አሳይቶታል።»

«መጽሐፉም ተሳስቷል።»

ለምን እንዲህ እንደከበደኝ ጠየቀኝ። የመመለሻ ካርዶቹን መደርደር ጀመርኩ። ሥዕሎቹን ጠቀለለ። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር ለራሱ ተናገረና ወጣ። ያቀረብኩለትን ሻይ አልነካውም።

ክፉ ሴት ነኝ? አይደለሁም። ፈሪ ነኝ። እሱ ከክፉም ይብሳል።

ጥቅምት 29፣ እሁድ

እንደ ሁልጊዜው ምሳ አከራዬ እማማ አልማዝ ዘንድ። ቆጮ በአይብና በጎመን። የሳምንቱ ብቸኛ ገበታዬ ነው፤ ሌላውን ቀን ቆሜ ነው የምጎርሰው። በራሳቸው እጅ ያጎርሱኛል። ጨዋታው መሃል ገበያ ስላለች ሸክላ ሠሪ አነሱ። ከእሷ ድስት እንዳልገዛ፣ ዓይኗ ጥሩ እንዳልሆነ፣ ባለ እጅ ሁሉ እንደዚያው እንደሆነ ነገሩኝ። ክፋት የለባቸውም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው ያወሩት።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት። አንገቴን ነቀነቅኩ። ደብተሬ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ህዳር 3፣ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት

ት/ቤት ሄድኩ። መ/ር ታደለ ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሰውዬው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ቀጥቃጭ አባቴን፣ ጅቡን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ አለኝ፦

«እኔ አይሁድ አላውቅም፣ እትዬ። ፊቱን የማመጣበት ስላልነበረኝ ከጠላቱ ቀዳሁት።»

ከዚያ አባቴ ምን ይመስሉ እንደነበር ጠየቀኝ። ፎቶ የለኝም። ቅንድቡ በእሳት የተበላ፣ ቀጭን፣ ወናፉን በግራ እጁ የሚነፋ፣ ሲስቅ ጥርሱን በመዳፉ የሚሸፍን። ስናገር ይሥላል። ይሠርዛል፣ ይሥላል። ግንባሩ ሰፊ ነው አልኩት፤ አሰፋው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አባቴ ወረቀቱ ላይ ነበር። አለቀስኩ። መ/ር ታደለ ወደ መስኮቱ ዞረልኝ።

ተስማማን። ያ ሰውዬ አይጠፋም። ግን ያንሳል፤ ውሸታሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ፣ በክብሪት ቀፎ ልክ። የፈጠረው እጅ ከእሱ ይተልቃል። ትልቁ ሉክ ላይ አባቴ ይቀጠቅጣል፤ አንድ ገበሬ ማረሻውን ሊቀበል ቆሟል፣ ከቀረበለት ውሃ ፊቱን አዙሯል።

ህዳር 6፣ እሁድ፣ 6 ሰዓት ተኩል

መ/ር ታደለ ጠዋት መጣ። ግርጌው ላይ ምን ልጻፍ አለኝ። የአባቴን ስም፣ ከዚያ «የቤተ መጻሕፍቷ የዘውዴ አባት» ብለህ ጻፍ አልኩት። እርግጠኛ ነዎት አለኝ፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬው ሌላው ከተማ ዋጫ ድረስ ይደርሳል። በትልቁ ጻፈው አልኩት።

ሰኞ ይሰቀላል። እማማ አልማዝ ከሰው እንዲሰሙት አልፈልግም።

አሁን ለምሳ እየጠሩኝ ነው። ሁለተኛቸው ነው። ከበላሁ በኋላ ብነግራቸው ይቀለኝ ነበር፤ ግን ያኔ አታለልሽኝ ቢሉኝ እውነት አላቸው። እጄን ሳልታጠብ፣ ገበታው ሳይቀርብ፣ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ቁጭ በይ ካሉኝ… ሦስተኛ ጊዜ ጠሩኝ። ሄድኩ።