አልጋ ያለበት በረት

ለተከበሩ የአውራጃችን የእርሻ እንስሳት ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም ሞቅ ያለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እዚህ የዌልስ ተራራ ላይ እኛ ደህና ነን፤ እኛ ስል ሰዎቹን ማለቴ ነው።

"አልጋ ካለበት ቤት ነው።" ይህን ያሉት ተቆጣጣሪዎ ናቸው፤ ሰኞ ዕለት በጎረቤቴ በኢድዋል የበግ በረት መስኮት አጮልቀው ካዩ በኋላ፣ መኪናቸውን ተደግፈው በስልክ ሲናገሩ ሰማኋቸው። እኔም አምኜ ተቀበልኩ። ከዚያን ዕለት ወዲህ በውስጡ የተቆለፈባቸውን እናት በጎች የቤት እመቤቶች እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በረት ቢሆን ኖሮ ተቆጣጣሪዎ ያለ ማዘዣ እንዲገቡ ሕጉ ይፈቅድላቸው ነበር፤ የሰው መኖሪያ ግን የፍርድ ቤት ማዘዣ ይፈልጋል። መልካም ሕግ ነው። ጥቂት ቅሬታዎች ብቻ አሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ አልጋው። በጎቹ በሚወልዱበት ወቅት ኢድዋል አልጋውን ተሸክሞ በረት ይገባል። የዚህ ሸለቆ በግ አርቢ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እግሩ ተጣሞ የሚመጣ ግልገል ባለቤቱ ከቤት እስኪደርስ አይጠብቅምና። ለበጎቹ ብሎ ያስገባው አልጋ ዛሬ ከእርስዎ ጠበቃቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁልፉ። ኢድዋል በረቱን ቆልፎ ወተት ሊበደር ሲመጣ ደጃፌ ላይ ወደቀ። አምቡላንስ ወሰደው፤ ቁልፉም ከሱሪው ኪስ ጋር አብሮ ሄደ። ሆስፒታሉ የታማሚን ንብረት ያለ ራሱ ቃል እንደማይሰጥ አስረዳኝ። ኢድዋል አንደበቱ ተይዟል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማዘዣው። ጸሐፊዎ ትሁት ልጅ ናት። "እማማ፣ መጀመሪያ ለነዋሪው ማሳወቅ አለብን እኮ" አለችኝ። ነዋሪው የት እንደተኛ ነገርኳት። "እንግዲያው ሲመለስ ይደውሉልን" አለች።

ድርቆሹን በመስኮቱ ፍርግርግ እወረውራለሁ። ውሃ አይወረወርም፤ ገንዳው ያለው ከማዶ ጥግ ነው። መዝጊያውን በመጥረቢያ ልክፈተው ብል፣ የጣቢያው ፖሊስ "እማማ ኔስታ፣ በዚህ ዕድሜዎ የሰው ቤት ሰብረው ሊገቡ?" ብሎ ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃም ስለሚጠብቀኝ ክስ ነገረኝ።

ጌታዬ፣ ኢድዋልን ልጠይቅ ስሄድ እጄን ይዞ አንድ ቃል ሊያወጣ ይታገላል። ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። ደህና ናቸው እለዋለሁ። እባክዎን፣ ውሸታም አያድርጉኝ።

ማንም ለማይተኛበት አልጋ ላሳዩት ክብር ደግሜ እያመሰገንኩ፣ እንቅልፍዎ እንደ አልጋው ያልተደፈረ እንዲሆን የምመኝ፣

ታዛዥዎ ኔስታ ፕሮበርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተቆጣጣሪዎ ሰኞ ዕለት ሲሰናበቱኝ፣ "እስከጮኹ ድረስ አያስቡ፣ በሕይወት አሉ ማለት ነው" ብለው አጽናንተውኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለአውራጃችን ጋዜጣ ላደርስ ስወጣ በበረቱ በኩል አለፍኩ። ድምፅ አልነበረም።