ባድመ የተባለችው ክፍሌ

ሰኔ 27፣ 2010
ከፋብሪካ ስመለስ ዝናብ። ጫማዬ ውሃ ያስገባል፣ መቀየር አለበት። አከራዬ ከማል በር ላይ ጠበቀኝ። "እውነቱ፣ ነገ አስተርጓሚ ትሆነኛለህ።" ለማን? ለጎረቤታችን ለኦቦ ዱባለ። እሳቸው እኮ አማርኛ ከኔ በላይ ይችላሉ! ግን በማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ "ከእንግዲህ የመሬት ነገር በአማርኛ አልነጋገርም" ብለው ምለዋል። ስለ በሬና ስለ ለቅሶ በአማርኛ፣ ስለ መሬት በኦሮምኛ ብቻ። ከማል ደግሞ ከመርካቶ ሰበታ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከ"አካም" ሌላ አያውቅም። እኔ ወሊሶ በማደጌ ተመረጥኩ።

ሰኔ 28
የኦቦ ዱባለ ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን ቦታ ከማል አጥሮ ክፍል ሠርቶበታል። ከብቶቹ አሁን በአስፋልቱ ይዞራሉ፣ አንዷን ጥጃ አይሱዙ ገጭቷታል። ኦቦ ዱባለ "ጣሊያን የተከለው ድንጋይ ድንበሬ ነው" ይላሉ። ከማል ካርታ አለው።
ክፍሏ ደግሞ... እኔ የምተኛባት ናት። ከታረቁ ትፈርሳለች። ቤቴ እንዲፈርስ እያስተረጎምኩ ነው እንግዲህ።

ሐምሌ 2
ሬዲዮው ሁሉ አስመራ፣ አስመራ። ሃያ ዓመት የተኳረፉት ተቃቀፉ። የነሱም ጠብ ከጣሊያን ዘመን በመጣ ድንበር ነበር። አስታራቂያቸው አቶ ዘርሁን "እነሱ ከታረቁ እናንተን ምን ያዛችሁ?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ "ባድመ" ተባለች። የከማል ሚስት መብሩካ ጠዋት "ባድመ እንዴት አደረች?" አለችኝ። ሳቅሁ። ባድመ እንደምትሰጥ ከተነገረ ግን ወር አልፎታል።

ሐምሌ 5
ድርድር። ኦቦ ዱባለ "ካራን በርባዳ" አሉ። መንገድ እፈልጋለሁ ማለታቸው ነው። ከማል ብድግ አለ። "ካራ? ሊያርዱኝ ነው?" አንቱታውን ሳያጓድል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር... ዝም አልኩ። ስብሰባው ተበተነ።
ለምን ዝም አልኩ? አልጋዬ ነዋ።

ሐምሌ 6
ከማል አጥሩ ላይ እሾህ ጨመረ።

ሐምሌ 7
ወሬው ታክሲ ተራ ደርሷል። "ኦቦ ዱባለ ካራ መዘዙ" ተብሏል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ "ሊያሳስሯቸው ነው" እያሉ ጎረምሶች እየተሰበሰቡ ነው። ጎማ ሲቃጠል በነበረበት ሰሞን አንድ ወሬ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ፈራሁ። አፈርኩም። ስሜ ደግሞ እውነቱ!

ሐምሌ 8
ሁሉንም አስጠራኋቸው። "ካራ በኦሮምኛ መንገድ ነው" አልኩ።
ከማል አፈጠጠብኝ። "ያን ቀን ታውቅ ነበር?"
"አዎ።"
"እና?"
"ክፍሌ እንዳትፈርስ ብዬ።"
ኦቦ ዱባለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጠራ አማርኛ፣ ያውም ስለ መሬት፣ "እኔም ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ። መሐላዬ እንዳይፈርስ ብዬ ዝም አልኩ" አሉ።
መብሩካ ሳቀች። ከማልም ተከተላት። ከዚያማ ማን ያስቆማቸው? ሁሉን ነገር እዚያው ጨረሱት፣ በአማርኛ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሐምሌ 15
ክፍሌ ፈረሰች። ቆርቆሮዋን ከማልና ኦቦ ዱባለ ወዲህና ወዲያ ይዘው አወረዱት። እቃዬ በአንድ ጋሪ አለቀ። አሁን የኦቦ ዱባለ ተከራይ ነኝ።

ነሐሴ 4
ከሥራ ስመለስ በአዲሱ መንገድ መጣሁ። ሁለቱ መሐል ላይ ቆመው ስለ ትናንቱ በረዶ ያወራሉ። አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ግን ክፍሌ ናፍቃኛለች። እሷን ማን አስታረቃት?
በሯ የነበረበት ቦታ ስደርስ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ጉበኗ ዝቅ ያለ ነበርና ለምዶብኝ። ባዶ አየር እኮ ነው! ከማል ሊስቅ ሲል ኦቦ ዱባለ በክርናቸው ነካ አደረጉት።
ከኋላዬ የመጣችው ላም ቀና ብላ አለፈች።