ባለቤቴን በአራት ጣት ስላገደው በር

እንዶድ ውኃ፣ መጋቢት ፲፫ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዳኘው
የእንዶድ ውኃ ከተማ የቤት እድሳት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ እኔና ቤተሰቤ ለእድሳት እንዴት አድርገን እንደ ተዘጋጀን ስለ መግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ የሠራተኞችዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም የማኅተምዎን ሰላም እጠይቃለሁ። ማኅተሙን ለይቼ መጠየቄ ከጥር ወር ጀምሮ በዓይኔ ስላላየሁት ታሞ እንዳይሆን ሰግቼ ነው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ ባለንበት ነን ብል ግን ይበልጥ እውነት ይሆናል፤ ከዚያ ንቅንቅ ለማለት የእርስዎን ፈቃድ እንጠብቃለንና።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሿ ከተማችን ሁሉም የሚተዋወቅባት ብትሆንም፣ ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዲረዳው ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምር። ባለቤቴ ወይዘሮ ሥርጉት ባለፈው ጥቅምት ከጓሮ ጎመን ቀንጥሰው ሲመለሱ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። በኅዳር ማርያም ማግሥት ከሆስፒታል ሲመለሱ አራት ጎልማሶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ቤት አስገቧቸው፤ በሩ ላይ ሲያጋድሏቸው እሳቸው ያሰሙት የሕመም ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ባለ ጎማ ወንበራቸው ደግሞ ታጥፎ ገባ። ከተዘረጋ በኋላ ግን ከበራችን በአራት ጣት እንደሚሰፋ ታወቀ፤ የጓሮው በር ከፊተኛውም የባሰ ጠባብ ነው። እንደ ገና ተሸክመን እናውጣዎ ብንላቸው፣ «ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ በር የምወጣበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አታስቸኩሉብኝ» አሉን። እነሆ ሦስት ወር ተኩል ሆናቸው፣ በመስኮት የምትገባውን ቁራሽ ብርሃን በወንበራቸው እየተከተሏት ይውላሉ።

በሩን ያጠበብሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልሸሽግም። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ይህን ቤት ስሠራ የበር ልክ የሚወሰደው እንስራ ባዘለች ሴት ነበር። ያን ጊዜ ገና ሙሽራ የነበሩት ሥርጉት ውኃ የሞላ እንስራ አዝለው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አለፉ፤ አናጢው በግራና በቀኝ ምልክት አደረገ፤ በር ሆነ። ፈቃድም ነበረው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ መጥተው ድንበሩን በእግራቸው ዞረው አዩ፣ ከተጋደመው ግንድ ላይ ጥቂት ዐረፉ፣ መርቀውን ሄዱ። በዚያ ኋላ ቀር ዘመን ጉዳዩ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ብቻ ፈጀ። ዛሬ ሥልጣኔ ስለ ደረሰን ለአራት ጣት ግድግዳ ማመልከቻ እንጽፋለን፤ እኔም ጥር ፭ ቀን ጽፌ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋሉልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዝግጅት መመሪያዎ። በሰባት ቀን ውስጥ ቤታችን ከማናቸውም ዕቃ ነጻ እንዲሆን፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በቦታው እንዲቀርብ፣ ቤተሰቡም በአእምሮ ተዘጋጅቶ ባለሙያ እንዲጠብቅ የሚያዝዘው ወረቀትዎ ደረሰን፤ ታዘዝን። አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ የእህሉን ጎታ፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት አጋዝን። በጓዳ አንድ ፍራሽና የባለቤቴን ወንበር ማስቀረታችንን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብን እለምናለሁ። አሁን ወጥ በተሠራ ቁጥር የገዛ ጭልፋችንን ለመዋስ የሰው ደጅ እንጠናለን። መጻሕፍቴ ከሀብትነሽ ዶሮዎች አጠገብ ስለ ተደረደሩ አንዲቱ ዶሮ በመዝገበ ቃላቴ ላይ ተቀምጣ ዕንቁላሎቿን ታቅፋለች፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የቃል ግድፈት ቢያገኙ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ይታገሡኝ። በአእምሮ ተዘጋጁ የሚለው ትእዛዝ በመጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ምንም ነገር አለመጠበቅ ማለት ነው።

፪ኛ. ስለ ጭቃው። በር ሲሰፋ የተቆረጠው ግድግዳ ዳር ዳሩ እንደ ገና ይመረጋል፤ የምርጊት ጭቃ ደግሞ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት መቡካት አለበት። ሰባት ቀን ስላሉን መራጊያችን አቶ እጅጉ በሦስተኛው ቀን አቦኩልን። ደረቀ፤ ውኃ አጠጥተው ደግመው ረገጡት። ደረቀ፤ ሠልሰው ረገጡት። በአራተኛው ምልልሳቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው እንደ ሰበሰቡ ክምሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «መምህር፣ ይኼ ጭቃ ከቤተሰብዎ አንዱ ሆኗል፤ ስም ያውጡለት» ብለውኝ ሄዱ። ዛሬ በጭዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ በቅሎ ደጃችን ላይ አንድ መደብ ለምለም ጤፍ አለን። በአንድ ማመልከቻ እድሳትንም እርሻንም የሚያስተናግድ ጽሕፈት ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

፫ኛ. ስለ ባለሙያዎ ስለ አቶ ምስክር። ወጣቱ በሰባተኛው ቀን ይመጣሉ ተብለው በአርባ ሦስተኛው ቀን በመምጣታቸው ምን ያህል ቢጠነቀቁ ነው ብለን ተደንቀናል። እኔ ገበያ ወርጄ ነበር። ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ሲሉ ባለቤቴ ከጓዳ «ደጆች! ግባ የኔ ጌታ፣ ግባ!» ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ «አይ እማማ፣ ቤቱን ለማየት ብቻ ነው፤ እርስዎ አይነሡ» ብለው በትሕትና ይመልሳሉ። ከዚያ ከመድረኩ ሳያልፉ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ቤቱ ፍጹም ባዶ ነው፤ የሚኖርበት ሰው የለም» ብለው ጽፈው ሄዱ። አይነሡ ብለው የመከሯቸውን ሴት የለችም ብለው መጻፋቸው የሚያስመሰግን ፍጥነት ነው። ጽሕፈት ቤትዎም በዚሁ መሠረት ሰው ለማይኖርበት ቤት የእድሳት ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀኝ። ወረቀቱን ለባለቤቴ ባነብላቸው፣ «እንግዲህ እኔ ከሌለሁ መምህር፣ የዛሬን ሽንኩርት ራስዎ ይላጡ» ብለው ቢላዋውን አስረከቡኝ። እውነት ለመናገር ሽንኩርቱን እየላጥሁ ያነባሁት በሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

ዕቃችንን መልሰን እናስገባና ሰው እንዳለበት ይታይልን ብዬ ብጠይቅ፣ ዕቃ የተመለሰ እንደ ሆነ ዝግጅቱ ስለሚፈርስ ማመልከቻው ከአንድ ይጀምራል ተባልሁ። ባዶ ከሆነ ሰው የለበትም፤ ዕቃ ከገባበት አልተዘጋጀም። ይህን ያህል የተስተካከለ ነገር ድሮ በግእዝ ጉባኤ ቤት ስቀመጥ እንኳ አልሰማሁም።

፬ኛ. ስለ መፍትሔዎ። ባለፈው ሳምንት ጉዳዩን ራስዎ ተመልክተው በገዛ ፊርማዎ ውሳኔ ሰጡኝ፤ ወይዘሮ ሥርጉት በቤቱ ነዋሪ መሆናቸውን ለማረጋገጥ እሳቸው ራሳቸው ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በአካል ቀርበው ይፈርሙ፤ ውክልና አይቻልም፤ ይህ ሲሟላ በሩን ለማስፋት ፈቃድ ይሰጣል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁት። ባለቤቴ በበሩ ለመውጣት ፈቃድ የሚያገኙት በበሩ ወጥተው ሲመጡ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ላይ ጥቂት ያለ ማጌጥ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ባለቤቴን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ወንበሩን በሁለቱ መቃኖች መካከል እስኪቀረቀር ድረስ ገፍተው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ፀሐይ ያሞቁ ነበር። ስደርስ አላፈሩም፤ «ይቺን እጄን እንኳ ላውጣት ብዬ ነው» አሉኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለማላቀቅ ሀብትነሽን ጠርቼ ለሁለት ታገልን። እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳሉ። ክረምት ሲገባ ጭቃ አይደርቅም፤ እስከ መስከረም መጠበቅ የሚችል ሰው ይጠብቅ፤ እኛ ግን ስንት መስከረም እንደ ቀረን አናውቅም።

ስለዚህ ለውሳኔዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሣ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ተነሥቻለሁ። ማክሰኞ መጋቢት ፳ ቀን ማለዳ የሰፈሩ ሰዎች በደቦ ይሰበሰባሉ፤ አቶ እጅጉም አካፋና መጋዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በሩም በአንድ ስንዝር ይሰፋል። በማግሥቱ ማርያም ናት፤ ባለቤቴ በወንበራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከእርስዎ በፊት ወደ እሷ በመሄዳቸው ቅር እንዳይልዎ። ሐሙስ መጋቢት ፳፪ ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ደግሞ በሩን ለማስፋት ፈቃድ ለመጠየቅ፣ ባዘዙት መሠረት፣ እርስዎ ዘንድ በአካል ይቀርባሉ። ቅጣት የሚኖር ከሆነ በእኔ ስም ይጻፍልኝ፤ ግድግዳውን ያስቆረጥሁት እኔ መሆኔን ከወዲሁ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

በመዝገብዎ ሰው በሌለበት ቤት የሚኖር፣
ለእድሳት ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ይበልጥ ያረጀ፣
የቸርነትዎ ባለ ዕዳ፣

መምህር ወንዳወቅ ገነነ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአቶ እጅጉ፣ መጋዛቸውን እንዲስሉ
ለወይዘሮ ሥርጉት፣ ባይኖሩም ባሉበት

ከፊርማ በኋላ ያስታወስሁት፦ ትናንት እርስዎ ዘንድ ተራ ስጠብቅ፣ ጊዜው ብዙ ስለ ነበረ፣ የጽሕፈት ቤትዎን በር በገመድ ለካሁት። ከወንበሩ በሁለት ጣት ይጠብባል፤ ከፊቱም ዘጠኝ ደረጃ አለ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ማኅተሙን ይዘው ወደ አስፋልቱ መውረድ ግድ ይሆንብዎታል። ሲወርዱ ግን እንደ ልማድዎ አይጣደፉ፤ ባለቤቴ ከታች ፀሐይ ላይ ሆነው እስከ ማታ ቢጠብቁዎ ደስታቸው ነው።